«ሶሌታ በእጅ ማስላት ቀረ» ለሚለው ጽሑፍ፦ ገና አልቀረም

«ሶሌታ በእጅ ማስላት ቀረ» የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን በስትራክቸር መሐንዲሶች የቴሌግራም ግሩፖች ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ ነው። አጻጻፉ ጥሩ ነው፤ ተማሪውም ባለሙያውም የወደደው ያለ ምክንያት አይደለም። ሆኖም ከያዛቸው አምስት ነጥቦች እንዳለ ቢወሰድ ብዙ የማይጎዳው አንዱ ብቻ ነው። ሁለቱ ግማሽ እውነት ናቸው። የቀሩት ሁለቱ ግን ከስክሪን ወርደው ሕንጻ ላይ ሲደርሱ ስንጥቅ ይዘው ነው የሚመጡት።

በመጀመሪያ የጸሐፊውን ሐሳብ ሳላጣምም ላስቀምጥ። ፋይናይት ዲፈረንስ (ሶሌታውን በነጥቦች ከፍሎ የማስላት ዘዴ) እና መሰል ዘዴዎች ኮምፒውተር ባልነበረበት ዘመን የተፈጠሩ ስለሆኑ ዛሬ ቦታቸው ሙዚየም ነው ይላሉ። ሜሹ (ሶፍትዌሩ ሶሌታውን የሚከፋፍልበት መረብ) በደቀቀ ቁጥር ውጤቱ ወደ እውነቱ ስለሚጠጋ ኮምፒውተሩ እስከቻለ ድረስ ማድቀቅ ነው ይላሉ። ሶሌታው ሶፍትዌሩ ውስጥ እንደ «ቲን» (ቀጭን) ወይስ እንደ «ቲክ» (ወፍራም) ይቆጠር ለሚለው ጥያቄ ደግሞ መልሳቸው «ቲክን መርጦ መርሳት» ነው። ፌሮ (ኮንክሪቱ ውስጥ የሚገባው ብረት) ለማውጣት በሁለቱ አቅጣጫ ያሉት የሞመንት (የማጉበጥ ጫና) ካርታዎች ይበቃሉ፤ የመጠምዘዙ ካርታ «ለተመራማሪ» ነው። በመጨረሻም ሶፍትዌሩ የሚያሳየው መርገብ ሶሌታው ነገ የሚረግበው ልክ ነው ይላሉ።

ለሁሉም ነጥብ የሚያገለግል አንድ ሶሌታ እንያዝ። 5 ሜትር በ5 ሜትር ነው፣ ውፍረቱ 15 ሴንቲ ሜትር፣ በአራቱም ጎን ግድግዳ ላይ ያረፈ፣ ጠርዙ ግን መዞር ያልተከለከለ። የራሱን ክብደት ጨምሮ በካሬ ሜትር 10 ኪሎኒውተን ተጭኖበታል። ኮንክሪቱ ሲ-25፣ ኢላስቲክ ሞዱለሱ (የኮንክሪቱ ግትርነት) 30 ጊጋፓስካል፣ የፖይሰን ሬሾው (በአንድ አቅጣጫ ሲሳብ በሌላው የሚጠብበት ልክ) 0.2 ነው። ከዚህ የሚወጣው የመጉበጥ ግትርነት 8,789 ኪሎኒውተን ሜትር ነው። ናቪየር በ1820ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በደረሰበት የሳይን ተከታታይ ድምር ሲሰላ፣ መሃሉ ላይ ሞመንቱ በአንድ ሜትር ስፋት 11.05 ኪሎኒውተን ሜትር፣ መርገቡ 2.89 ሚሊ ሜትር ይሆናል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ያዙልኝ።

አሁን ወደ ሙዚየሙ እንግባ። የጠፍጣፋ መጉበጥ አራተኛ ዲግሪ እኩልታ ነው፤ ሰው የሚፈራውም ለዚህ ነው። ጠርዙ ቀጥ ያለና በነጻ የሚዞር ሶሌታ ላይ ግን ማርኩስ በ1920ዎቹ እንዳሳየው እኩልታው ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱን ቀላል ስሌት ሁለት ጊዜ መሥራት ብቻ ነው። መጀመሪያ ጭነቱን አስገብተን የሞመንት ድምር እናወጣለን፤ ከዚያ ያንን ድምር እንደ ጭነት ቆጥረን መርገቡን እናወጣለን። እያንዳንዱን ጎን በ1.25 ሜትር ለአራት ብንከፍል ውስጥ ዘጠኝ ነጥቦች ይኖራሉ። በሲሜትሪ ምክንያት የተለያዩት ሦስት ብቻ ናቸው፦ መሃሉ፣ ከመሃሉ ጎን ያለው፣ ወደ ማዕዘን ያለው። ሕጉ አንድ ነው፤ የነጥቡ ዋጋ አራት እጥፍ ሲቀነስ የአራቱ ጎረቤቶቹ ድምር፣ ጭነት ሲባዛ በክፍተቱ ካሬ ይሰጣል። ጠርዝ ላይ ዋጋው ዜሮ ነው።

ጭነት ሲባዛ በክፍተት ካሬን 1 ብለን ብንጀምር፣ መሃሉ 1.125፣ ጎኑ 0.875፣ የማዕዘኑ 0.6875 ይወጣል። እውነት መሆኑን እዚሁ አረጋግጡ፦ 4 ሲባዛ በ1.125 ሲቀነስ 4 ሲባዛ በ0.875 አንድ ነው። እነዚህን ሦስቱን እንደ ጭነት መልሰን ብናስገባ መርገቡ መሃል ላይ 1.03125 ይሆናል። አሁን ወደ መለኪያው እንመልሰው። ጭነት ሲባዛ በክፍተት ካሬ 15.625 ነው፤ በ1.125 ተባዝቶ 17.58፣ ማለትም የሁለቱ አቅጣጫ የሞመንት ድምር ለ1.2 (1 ሲደመር የፖይሰን ሬሾ) ተካፍሎ፤ ስለዚህ በ1.2 ተባዝቶ ለ2 ሲካፈል 10.55 ኪሎኒውተን ሜትር። ከትክክለኛው በ4.6 በመቶ ያንሳል። መርገቡ 2.86 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስህተቱ ከ1 በመቶ በታች። ጎኑን ለሁለት ብቻ ብንከፍለው ደግሞ የማይታወቀው አንድ ነጥብ ብቻ ይሆናል፤ ሞመንቱ 9.375 ይመጣል። የደቀቀውን በ4 አባዝቶ፣ ሻካራውን ቀንሶ ለ3 ማካፈል ነው፤ 10.94 ይወጣል፣ 1 በመቶ ስህተት። ይህ ሁሉ በአንድ ወረቀት ጀርባ ላይ ያልቃል።

ማንም ሰው ባለ ሃያ ፎቅ ሕንጻ በዚህ ዘዴ ይሥራ አላልኩም። ቀዳዳ ያለው፣ ኮለኖቹ በመስመር ያልቆሙ፣ ጠርዙ ነጻ የሆነ ሶሌታ ላይ ፋይናይት ዲፈረንስ ከሶሌታው ውጭ የሌሉ ነጥቦችን እያስፈጠረ ያደክማል፤ እዚያ ላይ ጸሐፊው ትክክል ናቸው፣ ፋይናይት ኤለመንት (ሶፍትዌሮቹ ሶሌታውን በትንንሽ ቁራጮች ከፍለው የሚያሰሉበት ዘዴ) ያሸንፋል። ነገር ግን ሞዴል ውስጥ የራስ ክብደት ሁለት ጊዜ ሲገባ፣ ኒውተን በኪሎኒውተን ቦታ ሲጻፍ፣ ግድግዳው ከሶሌታው ጋር ሳይያያዝ ሲቀር የሚይዘን ምንድን ነው? ባለቀለሙ ካርታ እንደሆነ በተሳሳተ ሞዴልም ያምራል። የሚይዘን በሌላ መንገድ የመጣ ቁጥር ነው። በ1995ቱ የኢትዮጵያ የኮንክሪት ኮድ (ኢቢሲኤስ 2) ላይ ያለውን የኮኤፊሸንት ሰንጠረዥ መግለጥም ያው ሥራ ነው፣ እንዲያውም ይፈጥናል። ሁለት ሶፍትዌር ማስማማት ግን እንደ ማረጋገጫ አይቆጠርም፤ አንድ ሰው አንድን የተሳሳተ ድጋፍ ሁለቱም ውስጥ አስገብቶት ሊሆን ይችላል።

ሜሽ ማድቀቅ። ሶሌታችን መሃል ላይ ቢሆን ጸሐፊው ያሉት ይሠራል፤ ክፍተቱ በግማሽ ሲቀንስ ስህተቱ ወደ ሩብ ይወርዳል፣ ከላይ ያየነውም ይኸው ነው። ችግሩ በሕንጻ ሥራ ሜሽ የሚደቅቀው መሃል ላይ አለመሆኑ ነው። ኮለን አናት ላይ ነው የሚደቅቀው፣ እዚያ ደግሞ ሕጉ ይገለበጣል።

ቢም የሌለው ፍላት ስላብ እንውሰድ፤ ኮለኖቹ በ8 ሜትር ርቀት የቆሙ፣ ጭነቱ በካሬ ሜትር ያው 10 ኪሎኒውተን። አንድ የውስጥ ኮለን 640 ኪሎኒውተን ይሸከማል። ኮለኑን በአንድ ኖድ (የሜሹ ነጥብ) ካስቀመጥነው፣ በቀጭን ጠፍጣፋ ቲዎሪ መሠረት እዚያ ነጥብ ላይ ያለው ሞመንት ወሰን የለውም፤ ወደ ነጥቡ በቀረብን ቁጥር በሎጋሪዝም ያድጋል። ልኩም ይታወቃል፦ ርቀቱ በግማሽ በቀነሰ ቁጥር የኮለኑ ጭነት 0.066 እጥፍ ይጨመራል። በእኛ ምሳሌ በአንድ ሜትር ስፋት ወደ 42 ኪሎኒውተን ሜትር ማለት ነው። ሜሹን ከ1 ሜትር ወደ 0.5፣ ወደ 0.25፣ ወደ 0.125 ያወረደ ሰው በግምት 126 ኪሎኒውተን ሜትር «ትክክለኛነት» ገዝቷል። ሕንጻው ላይ ግን የተለወጠ ነገር የለም፤ ያደገው ሞዴሉ ውስጥ ያለ ስፋት የሌለው ኮለን ብቻ ነው። ይህን ጫፍ ይዞ ፌሮ የሚያወጣ ሰው ኮለን አናት ላይ ኮንክሪት የማያልፍበት የብረት ጥልፍልፍ ያስቀምጣል።

መፍትሔው ማድቀቁን ማቆም ሳይሆን የሚነበበውን ቦታ ማወቅ ነው። ኮለኑን በእውነተኛ ስፋቱ እንደ ግትር ክፍል ማስቀመጥ፣ ሞመንቱን ኮለኑ ፊት ላይ እንጂ እምብርቱ ላይ አለማንበብ፣ የነጥብ ዋጋ ትቶ በኮለን ስትሪፑ (ኮለኖቹን የሚያገናኘው የሶሌታ ክፍል) ስፋት፣ እዚህ 4 ሜትር፣ ላይ የተደመረውን መውሰድ። ድምሩ በሜሽ ብዙም አይነቃነቅም። ድምሩን የምንመዝንበት ሚዛንም አለ፤ ኒኮልስ በ1914 ያሳየው የሚዛናዊነት ስሌት ነው። ኮለኑ 50 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ንጹሑ ስፋት 7.5 ሜትር ነው፤ 10 ሲባዛ በ8 ሲባዛ በ7.5 ካሬ፣ ለ8 ሲካፈል 562 ኪሎኒውተን ሜትር። የውስጥ ፓኔሉ በሙሉ ስፋቱ መሃል ላይ የሚሸከመው ሞመንትና የሁለቱ ጫፎች አማካይ ተደምረው እዚህ አካባቢ ካልመጡ፣ ጥፋቱ ሜሹ ላይ አይደለም።

ከዚህ የባሰም አለ፤ ሜሹ ሲደቅ በጥሩ ሁኔታ ተረጋግቶ የተሳሳተ መልስ ላይ የሚቆምበት። ክብ የውሃ ታንክ ክዳን እናስብ፣ ዙሪያውን ቀለል ባለ ድጋፍ ያረፈ። ኤለመንቶቹ ቀጥ ያለ ጠርዝ ስላላቸው ክቡ ወደ ብዙ ጎን ቅርጽ ይለወጣል። ጎኖቹን ብናበዛ ወደ ክቡ የሚጠጋ ይመስላል። ባቡሽካ በ1960ዎቹ መጀመሪያ እንዳሳየው በቀጭን ጠፍጣፋ ቲዎሪ አይጠጋም። በእያንዳንዱ ቀጥ ያለ ጎን ላይ መርገብ ሙሉ በሙሉ ሲከለከል፣ ሁለት ጎኖች በሚገናኙበት ነጥብ ላይ ጠፍጣፋው በየትኛውም አቅጣጫ መዞር አይችልም፤ ነጥቦቹ ሲበዙ ያልታሰበ መቆንጠጥ ዙሪያውን ይሰበሰባል። የፖይሰን ሬሾ 0.3 ሲሆን የእውነተኛው ክብ የመርገብ ኮኤፊሸንት 0.0637 ነው፤ የብዙ ጎኑ ግን 0.0469 ላይ ይቆማል። 26 በመቶ ማነስ ነው፣ ያውም ከረጋ ከርቭ ጋር። ማምለጫው ጠመዝማዛ ጠርዝ ላይ ኖዶቹን ወደ ታች ብቻ መያዝና መዞራቸውን በሁሉም አቅጣጫ መልቀቅ ነው።

«ቲክ»ን መርጦ መርሳት የሚለውን በአጭሩ ልለፈው፤ ብዙ የሚያጣላን የለም። ሬይስነርና ሚንድሊን በ1945 እና በ1951 ባቀረቡት ቲዎሪ የሺር (የመሸራተት) መዛባት ይቆጠራል። በእኛ ሶሌታ ላይ የሺሩ ድርሻ 0.012 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከመርገቡ 0.4 በመቶ፤ ቢቆጠርም ባይቆጠርም ለውጥ የለውም። ያው 5 ሜትር በ1 ሜትር ውፍረት ቢሆን ግን የመጉበጡን 18 በመቶ ያህላል፤ ለማት (ለመሠረት ሶሌታ) እና ለትራንስፈር ሶሌታ (ከላይ የሚቆሙ ኮለኖችን ለሚሸከም) «ቲክ» ግዴታ ነው። የጸሐፊው ምክር የሚሰበረው ኤለመንቱ በራስ ኮድ ሲጻፍ ወይም ከኢንተርኔት የወረደ ስክሪፕት ሲሆን ነው። ባለ አራት ኖድ ቲክ ኤለመንት ላይ ሺሩ በሙሉ ኢንተግሬሽን (በኤለመንቱ ውስጥ ባሉት የስሌት ነጥቦች ሁሉ ተደምሮ) ከተቆጠረ፣ ውፍረቱ ሲቀንስ ኤለመንቱ ያለ ሺር መጉበጥ ስለማይችል ይቆለፋል፤ ሶሌታው ሳይረግብ ደረቅ ብሎ ይቆማል። ድቮርኪንና ባቴ በ1980ዎቹ አጋማሽ ሺሩን ከጎኖቹ መሃል እየወሰዱ ይህን ፈትተውታል፤ የታወቁት የገበያ ፕሮግራሞችም እንዲህ ባሉ ዘዴዎች ስለሚጠነቀቁ ተጠቃሚው አያየውም። መፈተኛው ከላይ ያለው ሶሌታ ነው፤ 8 በ8 ኤለመንት አድርጉና ከ2.9 ሚሊ ሜትር እጅግ ያነሰ ከመጣ ተቆልፏል። አንድ ነገር ግን ላክልበት፤ ቲክ ኤለመንት በጣም ለተንጋደደና ለረዘመ ቅርጽ ከቲን ይልቅ በቀላሉ ይሳሳታል።

አሁን ወደ መጠምዘዙ፤ እውነቱን ለመናገር ይህን ምላሽ ያስጻፈኝ ይህ ነጥብ ነው።

ጸሐፊው የሶሌታውን የኤም 11 እና የኤም 22 (የሁለቱ አቅጣጫ ሞመንት) ካርታ አሳይተው «ማዕዘኑ ሰማያዊ ነው፣ ዜሮ፤ እዚህ አነስተኛው ፌሮ ይበቃል» ይላሉ። የሁለቱም ካርታ ንባብ ልክ ነው፤ ማዕዘን ላይ ሁለቱም ዜሮ ናቸው። ሦስተኛውን ካርታ ግን አልከፈቱትም። የእኛ ሶሌታ ማዕዘን ላይ የመጠምዘዝ ሞመንቱ በአንድ ሜትር 9.3 ኪሎኒውተን ሜትር ነው። መሃሉ ላይ ያለው 11.05 መሆኑን አስታውሱ፤ 84 በመቶ ማለት ነው። መጠምዘዝ ብቻ ያለበት ነጥብ ላይ አቅጣጫውን 45 ዲግሪ ብናዞረው፣ ያው 9.3 በአንዱ ሰያፍ ላይ ከላይ በኩል፣ በሌላው ሰያፍ ላይ ከታች በኩል መሳብ ሆኖ ይገለጣል። ስለዚህ ነው ማዕዘኑ ታፍኖ የተያዘ ሶሌታ ከላይ ሰያፉን አቋርጦ፣ ከታች ደግሞ በሰያፉ ላይ ተከትሎ የሚሰነጠቀው። ሰማያዊ የሆነው ካርታው እንጂ ኮንክሪቱ አልነበረም።

ሁለተኛ ማስረጃ ከሪአክሽኑ (ድጋፉ ከሚመልሰው ግፊት) ይገኛል። የሶሌታው ጠቅላላ ጭነት 250 ኪሎኒውተን ነው። በአራቱ ጠርዞች ላይ ወደ ላይ የሚገፋው ሲደመር ግን 324 ይመጣል። ትርፉ 74 የመጣው አራቱ ማዕዘኖች እያንዳንዳቸው በ18.6 ኪሎኒውተን ወደ ታች መያዝ ስላለባቸው ነው። በመካከለኛ ፎቅ ላይ ከላይ ያለው ግድግዳና ኮለን ይይዘዋል። የጣሪያ ሶሌታ ላይ ግን ከላዩ የሚጫን ነገር ከሌለና ከቢሙ ጋር በፌሮ ካልታሰረ ማዕዘኑ ብድግ ይላል፤ ያኔ የመሃሉ ሞመንትም ከ11.05 ይበልጣል፣ ሰንጠረዡም ካርታውም የሰጡት ቁጥር አይሠራም።

ፌሮ ለማውጣት መንገዱ የታወቀ ነው፤ ዉድ በ1968 ያቀረበውና የአርመርም ስም የተጨመረበት ሕግ። ለታችኛው ፌሮ በእያንዳንዱ አቅጣጫ ሞመንቱ ላይ የመጠምዘዙን ፍጹም ዋጋ መደመር፣ ለላይኛው መቀነስ፤ ምልክቱ ከተገለበጠ የተለየ ቀመር አለው። ማዕዘኑ ላይ ዜሮ ሲደመር 9.3 ለታች፣ ዜሮ ሲቀነስ 9.3 ለላይ። አራት ድርብ ፌሮ፦ ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ የእንግሊዙ ቢኤስ 8110 ቀለል ባለ ድጋፍ ላይ ያለ ማዕዘን በአራት ድርብ፣ እያንዳንዱ የመሃሉን ፌሮ ሦስት አራተኛ እንዲይዝ፣ ከአጭሩ ጎን አንድ አምስተኛ ድረስ እንዲዘረጋ ያዝዝ ነበር፤ ኮዱ በ2010 በአውሮፓው ኮድ፣ በዩሮኮድ ተተክቷል። ለእኛ 1 ሜትር በ1 ሜትር ነው። በፕሮግራሙ ውስጥ የመጠምዘዙን ድርሻ የሚደምረው ምርጫ መብራቱን ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ሊሉ የሚችሉትን በእሳቸው ቦታ ሆኜ ልናገር። ሂለርቦርግ በ1950ዎቹ ባወጣው የስትሪፕ ዘዴ መጠምዘዝ ዜሮ ነው ተብሎ ዲዛይን ይደረጋል፣ ሶሌታውም አይወድቅም። ትክክል። ግን ያን ጊዜ ጭነቱ ለሁለቱ አቅጣጫ ተከፍሎ እያንዳንዱ እንደ ቢም ይሰላል፤ 5 ሲባዛ በ5 ካሬ ለ8 ሲካፈል፣ 15.6 ኪሎኒውተን ሜትር። መጠምዘዝ መተው በ41 በመቶ የበለጠ የመሃል ፌሮ ያስከፍላል። ከኢላስቲክ ካርታው 11.05ን፣ ከስትሪፕ ዘዴው ደግሞ የመጠምዘዝ ዜሮን መርጦ ማጋባት ግን የትኛውም ቲዎሪ የማይፈቅደው ቅልቅል ነው፤ ጭነቱ የሚሄድበት መንገድ በግማሽ ይቋረጣል። በአራቱም ጎን ቀጣይ በሆነ የውስጥ ፓኔል ላይ መጠምዘዙ አነስተኛ መሆኑን ግን እቀበላለሁ፤ የጸሐፊው ልምድ ከዚያ ከሆነ የመጣው ይገባኛል።

የቀረው መርገቡ ነው። ካርታው 2.9 ሚሊ ሜትር ይላል፤ ወሰኑ የስፋቱ አንድ 250ኛ፣ 20 ሚሊ ሜትር ነው። ጸሐፊው እንዲህ ዓይነት ንጽጽር አድርገው «በሰፊው ያልፋል» ብለዋል። 2.9 ግን ያልተሰነጠቀና ትናንት የተጫነ ሶሌታ ነው። ሲ-25 የምንለው በኪዩብ ሲሆን በዩሮኮድ አጠራር 20/25 ነው፤ አማካይ የመሳብ ጥንካሬው 2.2 ሜጋፓስካል። 15 ሴንቲ ሜትር ሶሌታ በ8.25 ኪሎኒውተን ሜትር ይሰነጠቃል፤ የእኛ 11.05 አልፎታል። ጭነቱ ቋሚ ነው ብለን የክሪፕ (ኮንክሪት በቋሚ ጭነት ሥር በጊዜ ብዛት የመለመጡ) ኮኤፊሸንቱን 2 ብንወስድ ስንጥቁን ሳንቆጥር መርገቡ ሦስት እጥፍ፣ 8.7 ይሆናል። በ10 ሚሊ ሜትር ፌሮ በየ18 ሴንቲ ሜትሩ ታስሮ ሲሰነጠቅ የመስቀለኛ ክፍሉ ግትርነት ወደ 30 በመቶ ይወርዳል። በስንጥቆቹ መካከል ያለው ኮንክሪት የሚሸከመውን አስበን፣ የመሃሉን ኩርባ ለሶሌታው ሁሉ ብንሰጠው 23 ሚሊ ሜትር ይወጣል። ወደ ጠርዙ ያለው ክፍል ስላልተሰነጠቀ እውነቱ በ8.7 እና በ23 መካከል ነው። ከ20 ጋር መወዳደር ያለበት ይህ ነው፤ ስንጥቅና ክሪፕ የሚቆጥረውን የመርገብ ትንተና ካላበሩት ካርታው ይህን አያሳይም።